ያነበቡትን መልሰው የጻፉት ዶክተር አን ዋንግ

ኮምፒውተር ገና በተፈጠረበት ዘመን ትልቁ ደዌው መርሳት ነበር። ማስላት ይችላል፤ ያሰላውን በፍጥነት አኑሮ በፍጥነት የሚያነሣበት አስተማማኝ ማኅደረ ትውስታ ግን አልነበረውም። አንዳንዶች በሜርኩሪ በተሞላ ቱቦ ውስጥ በሚመላለስ የድምፅ ሞገድ፣ ሌሎችም የቴሌቪዥን መስኮት በመሰለ የመስታወት ቱቦ ላይ መረጃን ለማኖር ደክመዋል። መላ ካበጁት አንዱ ዶክተር አን ዋንግ ናቸው።

ዋንግ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1920 በቻይናዋ ሻንጋይ ተወለዱ። ጃፓን አገራቸውን በወረረች ጊዜ ለመንግሥት ጦር የሬዲዮ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። በ1945 ለትምህርት ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። ጦርነቱ ሲያበቃ ወላጆቻቸውና አንዲት እኅታቸው በሕይወት አልነበሩም።

በ1948 ከሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። በዚያው ዓመት የዩኒቨርሲቲው የስሌት ቤተ ሙከራ ኃላፊ ሃዋርድ ኤይከን፣ የሚንቀሳቀስ አካል በሌለው መሣሪያ መረጃን የማኖሪያ ዘዴ እንዲፈልጉ አዘዟቸው። ዋንግ የማግኔት ቀለበትን መረጡ። የቀለበቷ ማግኔት በአንድ አቅጣጫ ከዞረ 1፣ በተቃራኒው ከዞረ 0 ይሆናል፤ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም አትረሳም። ይሁን እንጂ የያዘችውን ለማወቅ አቅጣጫዋን ማስቀየር ግድ ነበር፤ በተነበበች ቅጽበት መረጃው ይጠፋል። ዋንግ በዚህ ብዙ ተጨነቁ። አንድ ቀን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲራመዱ መፍትሔው ታያቸው፦ ይጥፋ፤ የተነበበውን ወዲያው መልሶ መጻፍ ይቻላል። ከተነገረ በኋላ ቀላል ይመስላል፤ ከዚያ በፊት ግን ሁሉም የሚታገለው መረጃው እንዳይጠፋ ነበር።

ዋንግ ቀለበቶቹን በተርታ ደረደሯቸው። የኤም አይ ቲው ጄይ ፎረስተር ደግሞ እንደ ሸማ ድርና ማግ በተላለፉ ሽቦዎች መገናኛ ላይ ሰካኳቸው፤ በ1953 ዊርልዊንድ የተባለው ኮምፒውተር ይህን ማኅደረ ትውስታ ተጠቀመ። ሽቦውን በቀለበቶቹ የሚያሾልኩት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ። ቀለበቶቹ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየደቀቁ ከጤፍ ፍሬ እስከ ማነስ ደረሱ።

ዋንግ በ1949 የፓተንት ማመልከቻ አስገቡ፤ በ1951 ደግሞ ባጠራቀሟት 600 ዶላር ቦስተን ውስጥ የራሳቸውን ድርጅት ከፈቱ። ባለትዳርና የልጅ አባት ነበሩና ድፍረት ይጠይቅ ነበር። ፓተንቱ በ1955 ጸደቀላቸው። በቀጣዩ ዓመት ለአይ ቢ ኤም በ500 ሺህ ዶላር ሊሸጡት ተስማሙ፤ ነገር ግን የፈጠራውን መብት የሚሟገት ሌላ ሰው ተነሥቶ የገንዘቡ ከፊል ቀረባቸው። ቅሬታው እስከ እርጅና አብሯቸው ኖረ። ገንዘቡ ግን ድርጅታቸውን አጠና፤ በመጀመሪያ በኤሌክትሮኒክ ካልኩሌተር፣ ኋላም በጽሑፍ ማቀናበሪያ ማሽን ስማቸው ገነነ። በ1980ዎቹ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች ነበሯቸው።

ቀለበቶቹ ግን ከ1970 ወዲህ በሲሊከን ቺፕ ተተክተው ነበር። ዛሬ በኮምፒውተርና በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ዋና ማኅደረ ትውስታም ሲነበብ መረጃውን ያጣል፤ እንደ ዋንግ ቀለበቶች ሁሉ ወዲያው መልሶ ይጻፋል።

ዶክተር ዋንግ በመጋቢት 1990 በካንሰር ዐረፉ። ድርጅታቸው ከሁለት ዓመት በኋላ ለኪሳራ ተዳረገ።