ከልብስ አጣቢነት እስከ ፋብሪካ ባለቤትነት፦ የማዳም ሲ. ጄ. ዎከር ሕይወት

በዚህ እትም ታሪኳን የምናቀርብላችሁ ሴት ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗታል። አሜሪካዊት ናት፤ ስሟን የሰማችሁ ትኖራላችሁ። የመረጥናት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአባሎቻችን መካከል የጉሎ ዘይት፣ የጥብስ ቅጠልና ጥቁር አዝሙድ አዋሕደው የጸጉር ቅባት እያዘጋጁ የሚሸጡ እህቶች አሉ። ጠርሙሱ ላይ ምን ተብሎ ይጻፍ፣ ለገዢዋስ ምን ቃል ይገባላት የሚለው ጉዳይ በስብሰባችን እያነጋገረን ነው። ይህችም ሴት ከዚሁ ሥራ ተነሥታ ነው ፋብሪካ የተከለችው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትውልድ ስሟ ሳራ ብሪድላቭ ነው። ዲሴምበር 23 ቀን 1867 በሉዊዚያና ግዛት ዴልታ በምትባል፣ ከሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ባለች መንደር ተወለደች። አባቷ ኦወንና እናቷ ሚነርቫ በዚያው የጥጥ እርሻ ላይ በባርነት የኖሩ ሰዎች ነበሩ። ከልጆቻቸው መካከል ነጻ ሆና የተወለደች የመጀመሪያዋ ሳራ ናት። ነጻነቱ ግን እንጀራ አልሆነላትም። በሰባት ዓመቷ እናትም አባትም አጥታ ከእህቷ ከሉቬኒያ ጋር ቀረች። ጥጥ ለቀመች፣ ቪክስበርግ ወደምትባለው ከተማ ተሻግራ በሰው ቤት ሠራች። የእህቷ ባል ጨካኝ ስለነበር በአሥራ አራት ዓመቷ ባል አገባች። በ1885 ሌሊያ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። ሃያ ዓመት ሲሆናት ባሏ ሞተ።

ልጇን ይዛ ወደ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄደች። ወንድሞቿ እዚያ ጸጉር አስተካካዮች ነበሩ። እሷ የሰው ልብስ ማጠብ ያዘች፤ ገቢዋም በቀን ከአንድ ዶላር ተኩል አይበልጥም ነበር። እኛ የሒሳብ ሰዎች ልማድ ሆኖብን ቁጥር ስናይ ማባዛት እንወዳለን፦ በሳምንት ስድስት ቀን ሙሉ ሥራ ብታገኝ ዘጠኝ ዶላር ይሆናል። ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ፣ ሳሙና፣ ውኃ ማሞቂያ ከሰልና የልጅ ምግብ ቀንሱ። ከዚህም ላይ ቆጥባ ሌሊያን ቴነሲ ግዛት ወደሚገኘው ኖክስቪል ኮሌጅ ላከቻት። ብቻዋን አልነበረችም። የቅዱስ ጳውሎስ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች አዲስ መጤዎችን የሚረዱበት ማኅበር ነበራቸው፤ ሳራም በእነሱ መካከል ነው ዓይኗ የተገለጠው። የተማሩና ደኅና የለበሱ፣ ስብሰባ የሚመሩ ጥቁር ሴቶችን በቅርብ ያየችው እዚያ ነው። በመካከሉ ሁለተኛ ባል አግብታ ነበር። ትዳሩም አልሠመረም።

ጸጉሯ መርገፍ የጀመረው በእነዚህ ዓመታት ነው። ራስ ቅሏ እስኪታይ ድረስ ሳሳ። የእሷ ብቻ ችግርም አልነበረም። በዚያ ዘመን የብዙዎቹ ድሆች ቤት የቧንቧ ውኃ የለውም፤ በክረምት ጸጉር ሳይታጠብ ወር ይቆያል። ሲታጠብም ቆዳ በሚልጥ ኃይለኛ ሳሙና ነው። ፎረፎሩ ይከመራል፣ ቆዳው ይቆስላል። በዚህ ላይ የተጎሳቆለ ምግብና ጭንቀት ይጨመራል። ሴቶቹ ራሳቸውን በሻሽ ሸፍነው ይውሉ ነበር።

መፍትሔ ስትፈልግ ያገኘቻት ሴት አኒ ተርንቦ ትባላለች፤ በኋላ አኒ ማሎን ተብላ የታወቀችው ናት። ጸጉር የሚያበቅል ቅባት እያዘጋጀች ቤት ለቤት ታሸጥ ነበር። ሳራ መጀመሪያ ደንበኛዋ፣ ቀጥሎም ሻጭዋ ሆነች። በእኛ አስተያየት የአኒ ስም ከዚህ ታሪክ ሊወጣ አይገባውም፤ ሥራውን ያስጀመረቻት እሷ ናትና። በኋላም ቅባቴን አስመስላ ሠራችብኝ ብላ ቅሬታዋን በይፋ አሰምታለች። ሁለቱ እስከ መጨረሻው አልታረቁም።

በጁላይ 1905 ሳራ ወደ ዴንቨር ከተማ ሄደች። ቀን ምግብ አብሳይ ሆና እየሠራች በትርፍ ጊዜዋ የአኒን ቅባት ትሸጥ ነበር። በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ቻርልስ ጆሴፍ ዎከር የሚባል የጋዜጣ ማስታወቂያ ሻጭ አገባች፤ ማዳም ሲ. ጄ. ዎከር የሚለውም ስም ከዚህ የመጣ ነው። ከዚያ የራሷን ቅባት በራሷ ስም ማውጣት ጀመረች። አንድ ትልቅ ጥቁር ሰው በሕልሟ መጥቶ ምን ከምን እንደምትቀላቅል እንደነገራት፣ ከቅመሞቹም አንዳንዶቹ ከአፍሪካ እንደሚመጡ ትናገር ነበር። የሰው ሕልም አናስተባብልም። ቅባቱ ውስጥ ግን ድኝ፣ ቫዝሊን፣ የንብ ሰም፣ የኮኮናት ዘይትና ሽቶ ነበረበት፤ ድኝ ደግሞ ለቆዳ በሽታ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው።

ታዲያ ቅባቱ ይሠራ ነበር ወይ? ለብዙዎቹ ሠርቷል። ምክንያቱም ማዳም ዎከር ቅባት ብቻ አልሸጠችም፤ ሥርዓት አስተማረች። ጸጉር ቶሎ ቶሎ ይታጠባል፣ ፎረፎሩ ይለቀቃል፣ ቆዳው ይታሻል፣ ከዚያ ቅባቱ ይቀባል፣ በጋለ ማበጠሪያም ይበጠራል። ማበጠሪያውን የፈለሰፈችው እሷ ናት የሚባለው ስሕተት ነው፤ ከእሷ በፊት ነበረ። ጸጉር አስተኛለሁ የሚለውንም ቃል አትወደውም ነበር፤ ሥራዬ የራስ ቆዳን ጤና መመለስ ነው ትል ነበር። ድኙ ፎረፎርን ያስታግሣል፣ ውኃው ቆሻሻውን ያነሣል፣ ቆዳው ሲድን ጸጉሩ ይመለሳል። ከራስ ቆዳ የመጣ መርገፍ አንዳንዱ በዚህ ሊሻል ይችላል።

ከውስጥ የመጣውስ? እዚህ ላይ አንድ ነገር እናንሣ። በዚያው በ1905፣ በጁን ወር፣ ሳራ ወደ ዴንቨር ጓዟን በምትጠቅልበት ሰሞን፣ ለንደን ውስጥ ኧርነስት ስታርሊንግ የሚባል ሊቅ ለሐኪሞች ባደረገው ንግግር ሆርሞን የሚለውን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀመ። ሆርሞን ማለት ዕጢዎች ወደ ደም የሚለቁት፣ ሩቅ ላለ የሰውነት ክፍል መልእክት የሚያደርስ ንጥረ ነገር ነው። ስለዚህ ማዳም ዎከር ሥራ ስትጀምር ቃሉ ራሱ ገና ጨቅላ ነበር። በ1914 ኤድዋርድ ኬንዳል አንገታችን ላይ ያለው፣ ሲያብጥ እንቅርት የምንለው ዕጢ የሚያመነጨውን ሆርሞን ለይቶ አወጣ። በ1935 ስታይንና ሌቨንታል የሚባሉ የቺካጎ ሐኪሞች ኦቫሪያቸው ላይ ብዙ ትናንሽ ከረጢት ስላላቸው፣ የወር አበባቸው ስለሚዛባና ፊታቸው ላይ ጸጉር ስለሚበቅል ሴቶች ጻፉ። በ1942 ደግሞ ጄምስ ሐሚልተን ሳይጎረምሱ የተሰለቡ ወንዶች ራሰ በራ እንደማይሆኑ፣ የወንድ ሆርሞን ሲሰጣቸው ግን በዘራቸው ራሰ በራነት ያለባቸው መመለጥ እንደሚጀምሩ አሳየ። ይህ ሁሉ ሲታወቅ ማዳም ዎከር ሞታ ነበር።

እኛ ግን እናውቀዋለን፤ ስለዚህ እንደ እሷ ዘመን ሰው መሸጥ አንችልም። የዚያ ዕጢ ሥራ ሲያንስም ሲበዛም ጸጉር ይሳሳል፤ ይህ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መድኃኒትም አለው። የወር አበባዋ የተዛባ፣ አገጯ ላይ ጸጉር የወጣ፣ አናቷ የሳሳ ሴት ሐኪም ዘንድ መሄድ አለባት። ከወሊድ በኋላ በሦስት ወር ገደማ የሚረግፈው ጸጉር ሆርሞን ሲወርድ የሚመጣ ነው፤ ቅባት ቢቀባም ባይቀባም አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ውስጥ ይመለሳል። የብረት ማዕድን እጥረትም ጸጉር ያረግፋል። ግንባር አካባቢ የሚመለጠው ብዙ ጊዜ ከሹሩባው ጥብቀት ነው፤ ለዓመታት ከቀጠለ ሥሩ ይሞትና አይበቅልም። ስለ እጽዋቱ ከተነሣ፣ የጥብስ ቅጠል ዘይት በ2015 ኢራን ውስጥ በመቶ ሰዎች ላይ ለስድስት ወር ተሞክሮ፣ በዘር ለሚመጣ መመለጥ ሁለት በመቶ ሚኖክሲዲል ከሚባለው መድኃኒት ጋር የተቀራረበ ውጤት አሳይቷል። ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ትንሽ ጥናት ነው። የጉሎ ዘይት ጸጉርን ያለሰልሳል፣ ከመሰባበርም ይጠብቃል፤ ጸጉር ያበቅላል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ የለም። ስለዚህ የእኛ ሐሳብ ጠርሙሱ ላይ ያለሰልሳል፣ ከመሰባበር ይጠብቃል ተብሎ እንዲጻፍ፣ ከሥሩም መርገፉ ካልቆመ ሐኪም ያማክሩ የሚል እንዲጨመርበት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ እንነጋገርበት።

ወደ ታሪካችን እንመለስ። ማዳም ዎከር ከባሏ ጋር በደቡብ ግዛቶች እየተዘዋወረች በየቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ቅባቷን አሳየች። ሌሊያ ደግሞ ትእዛዝ በፖስታ ትልካለች። በ1908 ፒትስበርግ ላይ የሻጮች ማሠልጠኛ ከፈቱ፤ በ1910 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛውራ ፋብሪካ አቋቋመች። በዚያ ዓመት ገቢዋ ወደ 11,000 ዶላር ተጠግቶ ነበር። በቀን አንድ ተኩል ከምታገኝበት ጊዜ ጋር እናንተው አስተያዩት። ከባሏ ጋር ግን በንግዱ መስፋት አልተስማሙም፤ በ1912 ተፋቱ።

ትምህርት ቤት የገባችው ለጥቂት ወራት ብቻ ስለነበር ሰው መርጣ ቀጠረች፤ የሚያስደንቀን አንዱ ነገር ይህ ነው። ፍሪማን ራንሰም የሚባል ወጣት ጠበቃ ድርጅቱንና ሒሳቡን ያዘላት። አሊስ ኬሊ የምትባል መምህርት ደግሞ ፋብሪካውን ተቆጣጠረች፣ እሷንም ንግግርና ጽሕፈት አስተማረቻት። ራንሰም ወጪሽን ቀንሺ እያለ ደብዳቤ ይጽፍላታል፤ እሷ ደግሞ መኪና ትገዛለች፣ ቤት ትሠራለች፣ ለዚህም ለዚያም ትለግሳለች። የሰው ገንዘብ የያዘ ሁሉ የራንሰምን ልብ ይረዳዋል።

በ1912 ቺካጎ ላይ የጥቁር ነጋዴዎች ማኅበር ጉባኤ ተደረገ። መሪው ቡከር ቲ. ዋሽንግተን ነበር። እሷ እንድትናገር ሌላ ሰው ቢጠይቅላትም ቡከር ዝም አላት። ጉባኤው ሊያልቅ ሲል ሳይፈቀድላት ከመቀመጫዋ ተነሥታ ከጥጥ ማሳ ወደ ልብስ ማጠቢያ፣ ከማጠቢያው ወደ ማድቤት፣ ከማድቤት ወደ ፋብሪካ እንዴት እንደ መጣች ተናገረች። በቀጣዩ ዓመት ጉባኤ ላይ ራሱ ቡከር ወደ መድረክ ጠራት።

ሻጮቿ በሺዎች ተቆጠሩ። አብዛኞቹ እንደ እሷ አጣቢና የቤት ሠራተኛ የነበሩ ሴቶች ናቸው። በየከተማው ክበብ አቋቋሙ፤ በየወሩ ትንሽ መዋጮ ያዋጣሉ፣ አንዷ ስትሞት ለቤተሰቧ ይከፈላል። እድር ብለን ብንጠራው ማን ይቃወመናል? በ1917 ፊላደልፊያ ላይ ከሁለት መቶ በላይ የሚሆኑ ሴቶች ተሰብስበው የመጀመሪያውን ጉባኤ አደረጉ። ሽልማቱ ብዙ ለሸጠች ብቻ አልተሰጠም፤ ለበጎ ሥራ ብዙ ለለገሰችም ተሰጠ። ከመበተናቸው በፊትም ጥቁሮች በደቦ መገደላቸው እንዲቆም ለፕሬዝዳንት ዊልሰን ቴሌግራም ላኩ። በዚያው ዓመት ማዳም ዎከር ከሐርለም መሪዎች ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ዋይት ሐውስ ድረስ ሄዳ ነበር። ፕሬዝዳንቱ ሥራ በዝቶበታል ተብለው ተመለሱ።

የሌሎችን ራስ ስታክም የራሷ አካል ውስጥ ውስጡን ይታመም ነበር። የደም ግፊት ኩላሊቷን ጎድቶታል። ሐኪሞች ዕረፊ ቢሏትም አላረፈችም። በ1918 ከኒውዮርክ ወጣ ብሎ ሃድሰን ወንዝ አጠገብ ትልቅ ቤት አሠርታ ገባች። በቀጣዩ ዓመት ለሥራ ሴንት ሉዊስ ሄዳ ሳለ ሕመሙ ጠናባትና ተመለሰች። ሜይ 25 ቀን 1919 በ51 ዓመቷ በዚያው ቤት ሞተች። ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብላ በደቦ የሚፈጸመውን ግድያ ለመዋጋት 5,000 ዶላር ሰጥታ ነበር። ሚሊየነር ናት ይባል እንጂ በሞተች ጊዜ የተገመተው ንብረቷ ከዚያ ያነሰ ነው። በኑዛዜዋ ከድርጅቱ የወደፊት የተጣራ ትርፍ ሁለት ሦስተኛው ለበጎ አድራጎት እንዲውል አዘዘች። የተጣራ የምትለዋን ቃል ልብ በሉልን።

ሌሊያ በኋላ ስሟን አሌሊያ ብላ አሻሻለች። በ1921 መጨረሻ ረጅም ጉዞ ጀምራ ፓሪስን፣ ሮምንና ግብፅን ካየች በኋላ በ1922፣ በእኛ አቆጣጠር በ1914 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ደረሰች፤ ከንግሥት ዘውዲቱም ጋር ተገናኘች። በዚያን ጊዜ የእናቷ ድርጅት ፕሬዝዳንት እሷ ነበረች።