መጻሕፍትን የቆጠሩት የመርሐ ቤቴው ሊቅ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። በዚያ ዘመን በመርሐ ቤቴም ሆነ በመንዝና በግሼ ደጋ መንግሥት የከፈተው ትምህርት ቤት አልነበረም። በአዲስ አበባ የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ሥራውን ሲጀምር ኅሩይ ወደ ሠላሳ ዓመት የተጠጉ ጎልማሳ ነበሩ። እንዲያም ሆኖ ከዘመናቸው ደራስያን ሁሉ ብዙ መጻሕፍትን ካበረከቱት ቀዳሚው፣ የአገሪቱም የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ለመሆን በቁ። ዝናቸው በትምህርት ቤት አስተዳዳሪነት ባይሆንም፣ በአንድ ትምህርት ቤት የመማር ባህል እንዴት እንደሚታነጽ ለሚያስብ ርእሰ መምህር የሕይወት ታሪካቸው ብዙ የሚያስተምረው አለ።

የመጀመሪያው ትምህርታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ነበር። እንደ ዘመኑ ሥርዓት ፊደል ለይተው፣ ዳዊት ደግመው፣ በኋላም በእንጦጦ ራጉኤል ትምህርታቸውን ቀጠሉ። በዚያ ሥርዓት የትምህርት ቤቱ መሪ የኔታ ራሱ ነው። ቀድሞ የተማረው ተማሪ ከእሱ በታች ያለውን ያስቀጽላል፤ የኔታም ሁሉን በጆሮው ይከታተላል። ጎጆው በደሳሳ ሣር የተከደነ ቢሆንም፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተማሪም አስተማሪም ስለሚሆን ከቶ ሥራ ፈት አይገኝበትም። ገበሬውም የድርሻውን ይወጣል፤ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ በደጁ ለሚቆም የቆሎ ተማሪ ቁራሽ አይነፍግም። ትምህርቱን ያቆየው ይህ የመምህሩ፣ የተማሪውና የአገሬው አንድነት ነበር። ኅሩይ የመማርን ጽናት ያገኙት ከዚህ ሥርዓት ነው።

ከቤተ ክህነት ወደ ቤተ መንግሥት አገልግሎት ከገቡ በኋላ ብዙ ኃላፊነት ተሸከሙ። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጊዮርጊስ 5ኛ ዘውድ ሲጭኑ ከኢትዮጵያ መልእክተኞች ጋር ወደ ለንደን ተጓዙ። በኋላም የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል። የሥራው ብዛት ግን ከመጻሕፍት አልለያቸውም። በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን መጻሕፍት የሚቆጥር ዝርዝር አሳተሙ፤ በ1920 ዓ.ም. ደግሞ የግእዝና የአማርኛ መጻሕፍትን የያዘውን ካታሎግ አስፍተው አወጡ። ለጸሐፊ ስም የሚያስገኝ ሥራ አይመስልም። ነገር ግን ያለውን ያልቆጠረ የጎደለውን ሊያውቅ አይችልም። ዛሬም ወደ አንድ ትምህርት ቤት የተመደበ ርእሰ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ሊያከናውነው የሚገባው ሥራ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ በመጋዘን ተቆልፎ አቧራ የለበሰው መጽሐፍ ስንት ነው? በተማሪዎች እጅ ያለውስ? ማንበብ የማይችለው ልጅ በየትኛው ክፍል ተቀምጧል?

ቆጠራው የጎደለውን አሳያቸው። ለልጆችና ለወጣቶች በሚገባቸው ቋንቋ የተጻፈ የሚነበብ ነገር ጥቂት ነበር። ስለዚህ ሌላው እስኪጽፍ ሳይጠብቁ ራሳቸው ጻፉ። በ1910 ዓ.ም. ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ፣ በ1915 ዓ.ም. ወዳጄ ልቤ ታተሙ። በዚያው ዘመን ያወጡት የሕይወት ታሪክ የተባለው መጽሐፍም በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወሻ እንዲሆን የታሰበ ሲሆን፣ የብዙ ኢትዮጵያውያንን ማንነት በአጭሩ መዝግቧል። ጎሐ ጽባሕ የተባለ ማተሚያ ቤትም አቋቋሙ። የሚነበብ ነገር ሳይኖር አንብቡ ብሎ መምከር ከንቱ መሆኑን በሥራቸው አሳዩ።

በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ባደረጉት ጉዞ ያዩትን ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን በተባለው መጽሐፋቸው ለአገራቸው ሰው አካፈሉ። ከቀለም ትምህርታቸው ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ የሚኒስትርነት ማዕረግ ይዘውም ከሌላው ሕዝብ ለመማር አላፈሩም። ተማሪዎቹ የሚያነብ ርእሰ መምህር ሲያዩ ማንበብ የሕፃናት ግዴታ ብቻ አለመሆኑን ይረዳሉ።

ትምህርት ከአገሬው ልማድ ጋር ሲገናኝ የሚነሣውን ግጭትም አልሸሸጉትም። በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት አዲስ ዓለም በተባለው ልብ ወለድ፣ አወቀ የተባለ ወጣት በፓሪስ ተምሮ ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። አባቱ ሲሞቱ በተዝካር ድግስ ምክንያት ከዘመዶቹ ጋር ይጋጫል። ታሪኩ በደጋው ገበሬ ቤት ሁሉ የሚታወቅ ጥያቄ ያነሣል፤ የተማረው ልጅ ከወገኑ ይለያልን? ወገኑስ ይሰማዋልን? ወላጆችን የሚጠራው መዋጮ ሲፈልግ ብቻ የሆነ ትምህርት ቤት ይህን ጥያቄ አይመልስም። ልጃቸው ምን እንደ ተማረ በሚገባቸው ቃል ሲነገራቸው ግን በአጨዳ ወቅት ልጁን ከትምህርት ለማስቀረት ሁለት ጊዜ ያስባሉ።

ኅሩይ ያመኑበትን በቤታቸው ፈጽመውታል። ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በካምብሪጅ፣ ሲራክ በኦክስፎርድ ተምረዋል። ጦርነቱ ግን ያንን ሁሉ ድካም አናጋው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በወረረ ጊዜ ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በ1928 ዓ.ም. ተሰደዱ። ከጥቁር አንበሶች ጋር የተሰለፈው ፈቃደ ሥላሴ በ1929 ዓ.ም. በወራሪው እጅ ተገደለ። ብዙ ዓመት ለፍተው ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። አባትም ሐዘናቸውን ተሸክመው በእንግሊዝ አገር፣ ባዝ በተባለች ከተማ በመስከረም 1931 ዓ.ም. ዐረፉ። አጽማቸው ከነጻነት በኋላ ወደ አገሩ ተመልሷል። ሲራክም የእንግሊዙን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን ራስላስ ወደ አማርኛ በመመለስ የአባቱን ፈለግ ተከተለ።

የጦር መሣሪያ የተማረውን ሰው ሊያጠፋ ቻለ፤ የመጻሕፍቱን ዝርዝርና ለልጆች የተጻፈውን ቃል ግን ሊያጠፋ አልቻለም። ኅሩይን ለዚህ ያበቃቸው ሰፊ በጀት ወይም የተሟላ ሕንጻ አልነበረም። ያለውን ቆጠሩ፤ የጎደለውን ሞሉ፤ እስከ መጨረሻው ተማሩ። በመርሐ ቤቴ፣ በመንዝና በግሼ ደጋ ዛሬ ትምህርት ቤት የሚመሩ ርእሰ መምህራን ብዙ የጎደላቸው ነገር አለ። የተቆለፈውን የመጻሕፍት ሣጥን ለመክፈት፣ በተማሪዎቻቸው ፊት መጽሐፍ ይዘው ለመቀመጥና ወላጅን በአክብሮት ለማነጋገር ግን የሚጠብቁት ፈቃድ የለም።