ከአልጋ ላይ የተመራ አገር

የውድሮ ዊልሰን ስም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስታውሰው የመንግሥታቱን ማኅበር ነው። እኔን ግን፣ ሕግ ስላጠናሁ ይሆናል፣ የሚገርሙኝ የመጨረሻዎቹ 17 የሥልጣን ወራታቸው ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1896 ቀኝ እጃቸው ሰንፎ በግራ መጻፍ ተለማመዱ። በ1906 የግራ ዓይናቸው ብርሃን ድንገት ደከመ፤ ሐኪሙም የደም ሥሮቻቸው ችግር መሆኑን ተረዳ። በዚያ ዘመን የራስ ቅል ሳይከፈት አንጎልን የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። ዛሬ ኤምአርአይ በአንጎል ነጭ ክፍል ላይ ነጠብጣብ ካሳየ፣ ሐኪም ጥቃቅን የደም ሥሮች ተጎድተው ይሆናል ብሎ ይጠረጥራል፤ ጉዳቱ ሲበዛ የስትሮክ ስጋትም ስለሚጨምር የደም ግፊትን መቆጣጠር ግድ ይላል።

ኦክቶበር 2 ቀን 1919 ስትሮክ የግራ ጎናቸውን ሽባ አደረገው። ባለቤታቸው ኤዲትና ሐኪማቸው ግሬይሰን የሕመሙን ክብደት ደበቁ። የትኛው ወረቀት ፕሬዚዳንቱ ዘንድ ይግባ የሚለውን የሚወስኑት ኤዲት ሆኑ (ማን መረጣቸው?)። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ላንሲንግ ካቢኔውን በራሳቸው ስለሰበሰቡ በ1920 ከሥልጣን እንዲለቁ ተደረገ። በእኔ እይታ አንዳች ጥፋት አልነበረባቸውም። ሴኔቱም የቬርሳይን ውል ሁለት ጊዜ ውድቅ አደረገ።

ፕሬዚዳንት መሥራት ሲያቅተው ይህን ማን ይወስናል ለሚለው ጥያቄ ሕገ መንግሥቱ ግልጽ መልስ ያገኘው በ1967፣ በ25ኛው ማሻሻያ ነው። ዊልሰን ካረፉ 43 ዓመት ሆኗቸው ነበር።