ደጃዝማች አፈወርቅ ወልደ ሰማያት፦ ቆራሄን አልለቅም ያሉት የበረሃ አዛዥ

የጣሊያን ወረራ ሲነሣ በመካነ ሰላም፣ በከላላና በወገዲ አካባቢ ያለ ሰው ቀድሞ የሚያስታውሰው ማይጨውን ነው። የሰሜኑ ጦር መንገድ በወሎ ያልፍ ነበርና፣ ንጉሠ ነገሥቱም ደሴ ላይ ሰፍረው ነበርና ይህ አያስገርምም። በዚያው ዓመት በምሥራቁ በረሃ የተደረገው ውጊያ ግን በደጋው ሕዝብ ዘንድ ብዙም አይወራም። ታንክና አውሮፕላን ከጠመንጃ ጋር የተጋጠሙበት ያ ግንባር በመጀመሪያዎቹ ወራት ከአንድ ሰው ስም ጋር የተሳሰረ ነው። ሰውየው አፈወርቅ ወልደ ሰማያት ይባላሉ፤ ዛሬ የሚጠሩበትን የደጃዝማችነት ማዕረግ ያገኙት ከሞቱ በኋላ ነው።

ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም በወልወል የውኃ ጉድጓዶች አጠገብ የኢትዮጵያና የጣሊያን ወታደሮች ተታኮሱ። ለምንጭና ለወንዝ ባዳ ላልሆነ የደጋ ገበሬ አንድ ጉድጓድ የጦርነት ምክንያት መሆኑ እንግዳ ሊመስለው ይችላል። በኦጋዴን ግን ጉድጓድ የያዘ አገር ያዘ። ከብት፣ ግመልና ሠራዊት የሚንቀሳቀሱት ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ነው፤ በመካከሉ ያለው ቁጥቋጦና አሸዋ ማንንም አያኖርም። ስለዚህ የሐረርጌው ገዥ ደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ከወልወል በኋላ ትኩረታቸውን ያሳረፉት ውኃ ባለባቸው ቦታዎች ላይ ነበር። ከእነዚህ ዋነኛው ቆራሄ ነው። ቆራሄ በፋፈን ወንዝ ሸለቆ የሚገኝ ሲሆን፣ ወደ ደገሃቡር፣ ከዚያም ወደ ጅጅጋና ሐረር የሚወስደው መንገድ በር ነበር። የዚህ በር ጠባቂ ሆነው የተመደቡት አፈወርቅ ነበሩ።

በቆራሄ ከዚያ በፊት ሰይድ መሐመድ አብዱላህ ሐሰን ያሠሩት አሮጌ የድንጋይ ምሽግ ነበር። አፈወርቅ በዙሪያው ጉድባ አስቆፈሩ። ብዙዎቹ ወታደሮች ያደጉት ፊት ለፊት ገጥሞ መዋጋትን እንደ ክብር በሚቆጥር ልማድ ነው፤ ጉድጓድ ገብቶ ጠላትን መጠበቅ ለእንዲህ ያለ ሰው የሚዋጥ ነገር አልነበረም። አዛዡ ግን የሚመጣው ውጊያ የአድዋ ዓይነት እንዳልሆነ ቀድመው የተረዱ ይመስላል። ያላቸው ከባድ መሣሪያ አንድ ኦርሊኮን የተባለ 20 ሚሊ ሜትር የአውሮፕላን መቃወሚያ መድፍ ሲሆን፣ እርሱንም በምሽጉ ግንብ ላይ አስተከሉት። ተኳሹም ራሳቸው ሆኑ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም ወረራው ሲጀመር በሱማሌ በኩል የነበረው የጣሊያን ጦር አዛዥ ጄኔራል ሮዶልፎ ግራዚያኒ ነበር። ገርሎጉቢ በጣሊያን እጅ ወደቀች። ዝናቡ ለጥቂት ጊዜ የጭነት መኪኖቹን በጭቃ ቢያዘገይም በጥቅምት መጨረሻ የቆራሄ ተራ ደረሰ። አውሮፕላኖች ለተከታታይ ቀናት እየተመላለሱ ምሽጉን በቦምብ ደበደቡት። አፈወርቅ ከመድፉ ሳይለዩ ሲተኩሱ ቆስለው ወደቁ።

ሕይወታቸውን ሊያተርፍ የሚችለው ወደ ኋላ ሄዶ መታከም ነበር፤ ይህን ግን እንቢ አሉ። አዛዡ ምሽጉን ለቀው መሄዳቸውን ሠራዊቱ ካየ እንደሚበተን ያውቁ ነበር። ቁስሉ በዚያ ሙቀት መርዞ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። የፈሩትም ደረሰ፦ የአዛዡ ሞት እንደተሰማ ጦሩ ቆራሄን ለቆ ወደ ሰሜን አፈገፈገ፤ ጣሊያኖችም ያለ ብዙ ውጊያ ገቡበት። ምናልባት ስሕተቱ በእርሳቸው ላይ ሳይሆን ያ ሁሉ መከላከያ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዲንጠለጠል በተደረገበት አሠራር ላይ ነው፤ ቦታውን የሚረከብ የተዘጋጀ ምክትል ቢኖር ኖሮ የቆራሄ ታሪክ ሌላ በሆነ ነበር።

የሚያፈገፍገውን ጦር ለመደምሰስ ኮሎኔል ፒየትሮ ማሌቲ በጭነት መኪና የተጫኑ ዱባት የተባሉ የሱማሌ ወታደሮችንና ትንንሽ ታንኮችን ይዞ ተከተለ። እነዚያ ታንኮች ክብደታቸው ሦስት ቶን ገደማ ሲሆን ሁለት ሰው ብቻ ይይዛሉ። መትረየሶቻቸው በሚዞር ማማ ላይ የተተከሉ ስላልነበሩ ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ለመተኮስ ታንኩ ራሱ መዞር ነበረበት። በገላጣ ሜዳ ላይ ይህ እንከን አይጎዳም። እሾሃማ ቁጥቋጦ በበዛበትና ደረቅ ወንዝ በሚያቋርጠው ቦታ ግን ከጎን ለሚመጣ እግረኛ የተጋለጡ ናቸው።

ኅዳር 1 ቀን 1928 ዓ.ም አናሌ በተባለ ስፍራ የሆነውም ይኸው ነው። ለቆራሄ እርዳታ ይመጣ የነበረው የፊታውራሪ ጎንጎል ጦር የማሌቲን ሠልፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ጠብቆ ገጠመው። ፊታውራሪው ራሳቸው ቢቆስሉም ጣሊያኖች ሦስት ታንኮች ጥለው ወደ ቆራሄ ተመለሱ። ከቀናት በፊት የበላይ የነበረው ወገን ግስጋሴውን አቆመ፤ በኦጋዴንም እስከ ሚያዝያ ድረስ ታላቅ ማጥቃት አልተደረገም። ንጉሠ ነገሥቱ በአውሮፕላን ወደ ጅጅጋ ሄደው ግንባሩን የጎበኙት በዚያው ኅዳር ወር ነው።

የተገኙት ወራት ለደጃዝማች ነሲቡ ጦር ትልቅ ነገር ነበሩ። በቱርካዊው ጄኔራል ወሂብ ፓሻ ምክር ከደገሃቡር በስተደቡብ የምሽግ መሥመር ተዘጋጀ። ግራዚያኒ ሚያዝያ 6 ቀን ማጥቃቱን ሲጀምር በዚያ መሥመር ብርቱ ውጊያ ገጠመው። ደገሃቡር የተያዘችው ሚያዝያ 22፣ ሐረር ደግሞ ሚያዝያ 30 ቀን ነው፤ አዲስ አበባ በጠላት እጅ ከወደቀች ከሦስት ቀን በኋላ መሆኑ ነው።

አናሌ ላይ ወደ ኋላ የተመለሰው ማሌቲ ከዚያ በኋላ ስሙ በኢትዮጵያ የሚነሣው በደብረ ሊባኖስ ነው። በግንቦት 1929 ዓ.ም የገዳሙን መነኮሳት በግራዚያኒ ትእዛዝ ያስፈጀው እርሱ ነበር። እርሱም ኅዳር 30 ቀን 1933 ዓ.ም በግብፅ በረሃ፣ ኒበይዋ በተባለ ሰፈር፣ ጥይት ሊበሳቸው ባልቻለ የእንግሊዝ ታንኮች ተከብቦ ተገደለ።