የተባረሩበት ዩኒቨርሲቲ ዛሬ በስማቸው የሚጠራ አዳራሽ አለው፦ የዶ/ር እሸቱ ጮሌ ታሪክ

ሀዋሳ ውስጥ በሶሲዮሎጂ፣ በኢኮኖሚክስ ወይም በፖለቲካል ሳይንስ ማስተርሱን ይዞ ቤት የተቀመጠ ሰው የማያውቅ ማነው? ጓደኛችን ነው፣ ታላቅ ወንድማችን ነው፣ አንዳንዶቻችሁ ደሞ ራሳችሁ ናችሁ። ጠዋት ቴሌግራም ላይ የስራ ማስታወቂያ ይታያል፣ ከሰዓት ፍቅር ሀይቅ ዳር ዞር ዞር ይባላል፣ ማታ ቤት ሲገባ ያ ሁሉ ትምህርት ምን ሊሰራ ነው የሚለው ጥያቄ ይጠብቃል።

ዛሬ ከዚህ ጥያቄ ጋር የሚሄድ የአንድ ሰው ህይወት ይዘንላችሁ መጥተናል። ዶ/ር እሸቱ ጮሌ ይባላሉ። ኢኮኖሚስት ነበሩ። ብዙዎቻችን ሳንወለድ ነው ያረፉት። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እሸቱ የተወለዱት በ1945 ነው። በ1966 ያኔ ቀዳማዊ ኃይለሥላሴ ይባል ከነበረው ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያዙ። በዛን ጊዜ አገር ውስጥ ማስተርስ የሚባል ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1978 ነው። ስለዚ መቀጠል የፈለገ ሰው ባህር መሻገር ነበረበት። እሸቱም አሜሪካ ሄደው ማስተርሳቸውን በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክትሬታቸውን ደሞ በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ዶክትሬቱን ሲጨርሱ ዓመቱ 1973 ነበር።

1973 ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር አስቡት። ወሎ በረሃብ እያለቀ ነው። በዓመቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ፣ ደርግ መጣ። ከዛ ቀይ ሽብር። የተማረው ትውልድ ገሚሱ ተገደለ፣ ገሚሱ ታሰረ፣ ገሚሱ ተሰደደ። ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት ያለው ሰው ውጭ አገር ኑሮውን ማደላደል ይችል ነበር። እሸቱ ግን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሩን መረጡ። በኋላም የማህበራዊ ሳይንስ ኮሌጅ ዲን ሆኑ።

ምን ላይ ነበር የሚሰሩት? እዚህ ጋ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም የታሪኩ እምብርት እሱ ነው።

ኢኮኖሚክስ ሰፊ ነው። ዶ/ር እሸቱ ደጋግመው የተመለሱበት ጥያቄ ግን አንድ ነበር ማለት ይቻላል፦ የኢትዮጵያ መንግስት ገንዘቡን ከማን ይሰበስባል፣ ለማንስ ያወጣዋል? በ1984 ያሳተሙት አንድ ጥናት ከ1941 እስከ 1974 የነበረውን የመንግስት የግብርና የወጪ ፖሊሲ ታሪክ የተከተለ ነው። ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል አይደል? ግን ግብር የሚከፍለው ገበሬው ነው ወይስ ባለመሬቱ፣ ብሩስ ለመንገድ ነው ወይስ ለጦር የሚወጣው ብላችሁ ስትጠይቁ የአንድ አገር ታሪክ በሙሉ እዛ ውስጥ አለ።

ደርግ በ1991 ወደቀ። ለኢኮኖሚስቶች ጊዜው ትንሽ ፈካ አለ። በዛው ዓመት የኢትዮጵያ ኢኮኖሚክስ ማህበር ተመሰረተ፣ ቀጥሎም የራሱን የጥናት መፅሄት ማሳተም ጀመረ። ዶ/ር እሸቱም ከአቶ መኮንን ማንያዘዋል ጋር ሆነው ከ1974 እስከ 1990 ኢኮኖሚው የት እንደደረሰ የሚገመግም ጥናት አቀረቡ። በነዛ ዓመታት የህዝቡ ቁጥር ከምርቱ በላይ ሲያድግ ነበር፤ የነፍስ ወከፍ ገቢ ወደ ኋላ ሄዷል።

ይሄን አንድ ጥናት ከፃፉት ሁለት ሰዎች አንዱ፣ አቶ መኮንን፣ በኋላ ሚኒስትር ሆኑ። ሌላኛው ብዙም ሳይቆይ ከስራቸው ተባረሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጃንዋሪ 4 ቀን 1993 የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሰልፍ ወጡ። የተባበሩት መንግስታት ዋና ፀሀፊ ቡትሮስ ጋሊ አዲስ አበባ መጥተው ነበር፣ ተቃውሞው ደሞ የኤርትራን ሪፈረንደም የሚመለከት ነው። የፀጥታ ሀይሎች ተኮሱ፣ ሰው ሞተ፣ ግቢው ተዘጋ። ዩኒቨርሲቲው እንደገና ሲከፈት ከ40 በላይ መምህራን ከስራ ተሰናበቱ። ከነሱ ውስጥ ታዋቂው የቀዶ ህክምና ሀኪም ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስ ነበሩበት። ዶ/ር እሸቱ ጮሌም ነበሩበት።

እስቲ ራሳችሁን በሳቸው ቦታ አድርጉ። እድሜ ወደ 50 እየተጠጋ ነው። ሀያ ዓመት ያህል አንድ ሙያ ላይ ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን ቢሮውም፣ ደሞዙም፣ ተማሪውም የለም። ዲግሪው ብቻ እጅ ላይ ቀረ።

ታዲያ ምን ሰሩ? መስራታቸውን አላቆሙም። በዛው በ1993 ስለ ኢኮኖሚው ማሻሻያ የፃፉት ጠንከር ያለ ጥናት በኢኮኖሚክስ ማህበሩ መፅሄት ወጣ። ያ ጊዜ ብር ከዶላር ጋር ያለው ምንዛሪ ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ከተቀየረ ገና ብዙም አልቆየም ነበር፤ አገሩ በሙሉ ነገ ምን ይመጣል እያለ ነበር። በ1994 ደሞ በክልሎችና በማእከላዊው መንግስት መሀል ገንዘብ እንዴት ይከፋፈል የሚል መፅሀፍ በሳቸው አዘጋጅነት ታተመ። አሳታሚው ማን መሰላችሁ? ያባረራቸው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት። በ1995 ከአንድ ናይጄሪያዊ ምሁር ጋር ሆነው ስለ አፍሪካ ዴሞክራሲ ሌላ መፅሀፍ አዘጋጁ።

የ1994ቱ መፅሀፍ ለኛ ለሀዋሳ ልጆች በጣም ቅርብ ነው። ያኔ ክልል የሚባለው ነገር ገና አዲስ ነበር። የትኛውን ግብር ማእከሉ፣ የትኛውን ክልሉ ይሰብስብ የሚለው አዋጅ ቁጥር 33 የወጣው በ1992 ነው። ሲዳማ በ2019 ህዝበ ውሳኔ አድርጎ በ2020 ክልል ሲሆን ያው ጥያቄ እንደ አዲስ እዚሁ ከተማችን መጣ፦ ክልሉ ከራሱ ስንት ይሰበስባል፣ ከፌደራል ድጎማ ስንት ይጠብቃል፣ የመምህሩና የጤና ባለሙያው ደሞዝ ከየት ይከፈላል? ዶ/ር እሸቱ ይሄን ጉዳይ ገና ከመነሻው ይዘውት ነበር።

ዶ/ር እሸቱ በ1998 አረፉ። ገና በሀምሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ፅሁፎቻቸው ተሰብስበው የኢትዮጵያን ኋላ ቀርነት በሚመለከት ርዕስ በ2004 በመፅሀፍ ወጡ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ የቢዝነስና ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ሴሚናር የሚቀመጡበት፣ የጥናት ፅሁፍ የሚያቀርቡበት አዳራሽ ደሞ ዛሬ እሸቱ ጮሌ ተብሎ ይጠራል። እዛ ውስጥ ማስተርሱን የሚከላከል ስንቱ ተማሪ የሰውየውን ታሪክ ያውቅ ይሆን?

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። እንዋሻችሁ አንልም። የሳቸው ጊዜና የኛ ጊዜ አንድ አይደለም። በ1973 ዶክትሬት ይዞ የመጣ ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፣ አገሪቱም ውስጥ የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሁለት ናቸው፦ አዲስ አበባና አስመራ። ዛሬ የመንግስት ዩኒቨርሲቲ ብቻ ከ40 በላይ ነው። ስለዚ ዲግሪ ስለያዘ ብቻ የሚጠራው ሰው የለም። እንደሳቸው ብትሰሩ ስራ ታገኛላችሁ ብለን ቃል አንገባም።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ደብዳቤው ስራቸውን ወሰደ፣ የሚያውቁትን ነገር ግን መውሰድ አልቻለም። ለምን? ሰዎች እሳቸውን የሚፈልጓቸው ዶክተር ስለተባሉ ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ መንግስት ገንዘብ ከየት መጥቶ የት እንደሚሄድ የሚያውቁ፣ በቁጥር የሚያሳዩ፣ ሌላው ሊያነበው በሚችል መልኩ የሚፅፉ ሰው ስለነበሩ ነው። እውቀታቸው ስም ነበረው፣ አድራሻ ነበረው።

ማስተርሳችሁን እየተማራችሁ ያላችሁ፣ የመመረቂያ ርዕሳችሁን ስትመርጡ ይሄን አስቡ። ከሌላ ሰው ተገልብጦ መደርደሪያ ላይ የሚቀር ወረቀት አለ። ደሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሰራተኞች ቤት ኪራይ እንዴት እንደሚከፍሉ፣ የቡና ገበሬው ከዋጋው ስንት እንደሚደርሰው፣ ወረዳው በጀቱን ምን ላይ እንደሚያውል ቤት ለቤት ሄዶ የሚጠይቅ ጥናት አለ። ሁለተኛውን የሰራ ሰው ፋይናንስ ቢሮ ቢሄድ፣ ኤንጂኦ ቢሄድ፣ ጋዜጠኛ ቢሆን የሚናገረው ነገር አለው። ቢባረር እንኳ ይዞት ይወጣል።

እናንተስ? ማስተርሳችሁን በምን ሰራችሁ፣ ርዕሱ ምን ነበር፣ ዛሬ ምን ላይ ናችሁ? ኮሜንት ላይ ፃፉልን። ቤት ለተቀመጠ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት።