አፈ ቄሣር
(የነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሕይወት)

ከእንጦጦ ራስ ላይ የቆመ ሰው በስተ ሰሜን የሱሉልታን ሜዳ፤ በስተ ደቡብ አዲስ አበባን ያያል። በእንጦጦ ቤተ ክርስቲያን በወጣትነታቸው ሥዕል ከሣሉት አንዱ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። ኋላ ብሩሹን ትተው ብዕር ያዙ፤ ብዕራቸውም እስከ ሞት ፍርድ አደረሳቸው። ሕግ ለምንማረውም ለማንማረውም ተማሪዎች ታሪካቸው ትምህርት አለበት።

አፈወርቅ በ1860 ዓ.ም. በጣና ዳር፤ በዘጌ ተወለዱ። የእቴጌ ጣይቱ ዘመድ ስለ ነበሩ ከቤተ መንግሥት ገቡ፤ ሥዕል እንዲማሩም ወደ ኢጣልያ ተላኩ። ከተመለሱ በኋላ ዳግመኛ ለትምህርት ወደ ስዊስ አገር ሄዱ። የአድዋ ጦርነት ሲቃረብ ግን ትምህርታቸውን ጥለው ለኢጣልያኖች ገቡ። ይህ የፊተኛው ክዳታቸው ነው።

ከዚያ በናፖሊ ከተማ አማርኛ እያስተማሩ ቆዩ። የአማርኛ ሰዋስው ጻፉ፤ በ1900 ዓ.ም. የአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ በኵር የሆነውን መጽሐፍ በሮማ አሳተሙ፤ የዳግማዊ ምኒልክንም ታሪክ ደረሱ። ለአማርኛ ድርሰት በር ከፋች መሆናቸውን ማንም አይክድም።

አገራቸውም የቀድሞውን በደል ረስታ ተቀበለቻቸው። የድሬዳዋ ነጋድራስ፤ ቀጥሎም ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር ሰዎች የሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤት ሹም፤ በመጨረሻም በሮማ የኢትዮጵያ መንግሥት እንደራሴ ሆኑ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት መረብን ተሻገረ። በመርዝ ጋዝ ሕዝብ ፈጀ፤ ሚያዝያ 27 ቀንም አዲስ አበባ ገባ። በዚያው ክረምት የራስ ካሣ ልጆች ከሰላሌ ተነሥተው ከሌሎች አርበኞች ጋር ከተማዪቱን ለማስለቀቅ ሞከሩ፤ አልሆነም። አቡነ ጴጥሮስም ሐምሌ 22 ቀን በጥይት ተደብድበው ሞቱ። በዚህ የመከራ ዘመን ነጋድራስ አፈወርቅ ለጠላት አደሩ። አፈ ንጉሥ በነበረበት አገር አፈ ቄሣር ተባሉ። የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ በሚባለው ጋዜጣም ወረራውን ሥልጣኔ፤ መገዛቱንም በረከት አስመስለው ጻፉ።

በ1933 ዓ.ም. አገር ነጻ ሲወጣ ተከሰሱ። ሞት ተፈረደባቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለውጦ ወደ ጅማ ተጋዙ። በዚያም በመስከረም 1940 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንዳንድ ሰው አንዲት ጥይት ስላልተኰሱ ፍርዱ በዛባቸው ይላል። ነገሩ ግን ለይቶ ማየትን ይጠይቃል። አፈወርቅ በሰላሙ ዘመን የአገራቸውን አስተዳደር ነቅፈው ጽፈዋል፤ ያ አስተያየት ነው፤ ሰውም በአስተያየቱ ሊቀጣ አይገባም። ወገን በጋዝ እየነደደ ለወራሪው ሹመት ተቀብሎ ወረራውን ማጽደቅ ግን ሌላ ነው። ያ ጽሕፈት የጦሩ አንድ ክፍል ነው፤ መድፍ ሥጋን ሲመታ እርሱ ልብን ይሰልባል።

በ1939 ዓ.ም. የኑረምበርግ ፍርድ ቤትም ይህንኑ ጥያቄ አግኝቶታል። በጋዜጣው የአይሁድን መጥፋት የሰበከውን ሽትራይኸርን በሰብአዊነት ላይ በተሠራ ወንጀል በሞት ሲቀጣ፤ የራዲዮ ተናጋሪውን ፍሪችን ግን ለግፍ ማነሣሣቱ አልተረጋገጠም ብሎ ለቀቀው። ዳኞቹ የተናጋሪውን አሳብና የቃሉን ፍሬ መዘኑ እንጂ መናገሩን ብቻ አልቀጡም። በ1959 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳንም የጦርነት ፕሮፓጋንዳ በሕግ እንዲከለከል አዘዘ፤ ኢትዮጵያም በ1985 ዓ.ም. ተቀበለችው።

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። አፋቸውን ያከራዩት ሽማግሌ ሲፈረድባቸው፤ ያስፈጀው ግራዚያኒ ለኢትዮጵያ ሳይሰጥ ቀረ። በ1942 ዓ.ም. የገዛ አገሩ ፍርድ ቤት 19 ዓመት ቢፈርድበትም ለጀርመኖች በማደሩ እንጂ በእኛ ደም አልነበረም፤ በጥቂት ወራትም ተፈታ። ስለዚህ ብዕሩ ለምን ተቀጣ ከማለት መድፉ ለምን ዳነ ማለት ይሻላል።

የጅማ መንገድ በሰበታ በኩል ነው። ለዕረፍት ወደዚያ ስንወርድ እኚህን ሰው እናስታውስ። ይህችን መጽሔት የምንጽፍ ሁላችን ብዕር ይዘናል፤ ለማን እንደምናከራየው ግን ገና አልተፈተንም።