ዊልያም ሐና፤ ሥዕልን የቆጠበ ሰው

ዊልያም ሐና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በ1910 በኒው ሜክሲኮ፣ ሜልሮዝ በተባለች አነስተኛ ከተማ ተወለደ። አባቱ በምዕራብ አሜሪካ የባቡር ጣቢያዎችንና የውኃ መስመሮችን የሚያሠራ የግንባታ ባለሙያ ስለ ነበረ፣ ቤተሰቡ ከቦታ ወደ ቦታ ሲዘዋወር ቆይቶ በ1919 በሎስ አንጀለስ አካባቢ ሰፈረ። ልጁም ጋዜጠኝነትንና የሕንጻ ምሕንድስናን ማጥናት ጀምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ የዘመኑ የኢኮኖሚ ድቀት ትምህርቱን አስቋረጠው። መኪና እስከ ማጠብ ከደረሰ በኋላ በ1930 በአንድ የካርቱን ስቱዲዮ ተቀጠረ።

በ1937 ወደ ኤም.ጂ.ኤም. የፊልም ኩባንያ ተዛውሮ ከጆሴፍ ባርቤራ ጋር ተገናኘ። ባርቤራ እጁ ለሥዕል የፈጠነ፣ ቀልድ አፍላቂ ነበር። ሐና በሥዕል እምብዛም ባይሆንም፣ እንቅስቃሴን በጊዜ በመለካት፣ ከሙዚቃ ጋር በማስማማትና ሠራተኞችን በመምራት የሚወዳደረው አልነበረም። ሁለቱ በ1940 ድመቱን ቶምንና አይጡን ጄሪን ፈጠሩ። ቶም ሲመታ የሚያሰማው ጩኸት የሐና የራሱ ድምፅ ነበር። ከዚህ ሥራቸው 114 አጫጭር ፊልሞችና ሰባት የኦስካር ሽልማቶች ተገኙ።

ይህ ሁሉ ክብር ግን ስቱዲዮውን አላዳነውም። አሮጌ ፊልሞችን ደግሞ ማሳየት አዲስ ከመሥራት ይልቅ አትራፊ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ኩባንያው በ1957 የካርቱን ክፍሉን ዘጋ። ሐናና ባርቤራም በዚያው ዓመት የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ።

የቀረላቸው ገበያ ቴሌቪዥን ነበር፤ ክፍያው ግን ለአምስት ደቂቃ ፊልም 3,000 ዶላር ገደማ ብቻ ነበር። ፊልም በሰከንድ 24 ምስል ስለሚያሳልፍ፣ የሰባት ደቂቃ ካርቱን ብቻ ከ10,000 በላይ ምስል ይፈጃል። መፍትሔው ሥዕልን መቆጠብ ሆነ። ገላው ባለበት ይቆማል፤ የሚንቀሳቀሱት አፍ፣ ራስና እግር ብቻ ናቸው። ዮጊ የተባለው ድብ ኮሌታና ከረባት ያደረገው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንገቱ ላይ ያለው መለያ ራሱን ብቻ ለይቶ ለመሣል ያስችል ነበር። በእንቅስቃሴ የጎደለውን ንግግር ሞላው፤ ዶውስ ባትለርን የመሰሉ የድምፅ ተዋንያን ገጸ ባሕርያቱን ነፍስ ዘሩባቸው።

በዚህ ዘዴ በ1958 ሐክልቤሪ ሐውንድ የተባለው ውሻ ብቅ አለ፤ ዝግጅቱም በ1960 የኤሚ ሽልማት አገኘ። በዚያው ዓመት የጀመረው በድንጋይ ዘመን የሚኖሩት የፍሊንትስቶን ቤተሰብ ታሪክ፣ አዋቂዎች በሚመለከቱበት የምሽት ሰዓት እየቀረበ 166 ክፍሎችን ደረሰ። በ1969 ደግሞ ፈሪው ውሻ ስኩቢ ዱ ተከተለ።

የሞያ ባልደረቦች ግን ዘዴውን በብርቱ ነቀፉት፤ የካርቱን ነፍስ የሆነው እንቅስቃሴ ተሸጠ ሲሉ ወቀሱ። ነቀፋው እውነትነት ነበረው፤ ይሁን እንጂ ሥራ ፈተው ለነበሩ ብዙ ሠዓሊዎች እንጀራ የሆነው ያው ዘዴ ነው። ይኸው ቁጠባ ኋላ ፊቱን አዞረ፤ ድርጅቱ የሥዕሉን ሥራ ወደ አውስትራልያና ወደ ታይዋን መላክ በመጀመሩ፣ የሎስ አንጀለስ ሠራተኞች በ1979 እና በ1982 አድማ መቱ።

ሐና መጋቢት 22 ቀን 2001 በ90 ዓመቱ ዐረፈ። ባዶ እጁን በቀረ ጊዜ ሞያውን ከመጥፋት ያተረፈው ቁጠባ፣ ሀብት በመጣ ጊዜም አልተላቀቀውም፤ የሕይወቱ ታላቅ ሥራም ዕዳም ይኸው ነበር።